የአዲስ ገቢው ልጅና ያለቀው ማረሻ

በቂርያት ጋት የምንኖር አዲስ ገቢዎች ስንገናኝ አብዝተን የምናነሳው የልጆቻችንን ትምህርት ነው። «ዕብራይስጡን ገና በቅጡ ያልቻለ ልጅ ሳይንስ እንዴት ይሆንለታል?» እንባባላለን። እስቲ የአንድ አዲስ ገቢ ልጅ ታሪክ እናንሳ።

ፕሮፌሰር አቭራም ሄርሽኮ በ1937 በሃንጋሪ ተወለዱ። በጦርነቱ ጊዜ ገና ሕፃን ሳሉ ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው መከራ አዩ። በ1950 እስራኤል ሲገቡ የ12 ዓመት ልጅ ነበሩ። ኢየሩሳሌም ሕክምና ተማሩ፤ በኋላም በሐይፋ ቴክኒዮን ተመራማሪ ሆኑ።

በዚያን ዘመን አብዛኞቹ ሊቃውንት ፕሮቲን በሰውነታችን ሕዋስ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ይመረምሩ ነበር። እርሳቸው ግን እንዴት እንደሚፈርስ ጠየቁ። ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በጎንደር አንጥረኞቻችን ያለቀ ማረሻ አይጥሉም ነበር፤ በእሳት አግለው ሌላ ዕቃ ያወጡበታል። ሕዋስም ማፍረስ የሚፈልገውን ፕሮቲን ዩቢኩቲን በሚባል ትንሽ ፕሮቲን ምልክት ያደርግበታል። ምልክት ያለበት ይቆራረጣል፤ ቁርጥራጩም ለአዲስ ፕሮቲን መሥሪያ ይውላል። ለዚህ ግኝት ከተማሪያቸው ከአሮን ቼሐኖቨርና ከአሜሪካዊው ኧርዊን ሮዝ ጋር በ2004 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

በ1990ዎቹም ቤተ ሙከራቸው ሌላ ነገር አሳየ። ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል ይህን የማፍረስ ሥራ ከሚቀሰቅሱት ነገሮች አንዱ ፎስፌት ነው፤ ሲለጠፍ ሥራው ይነሳል፣ ሲላቀቅ ይበርዳል። ጥቅሙም በወረቀት አልቀረም፤ ፕሮቲን የሚቆራረጥበትን መንገድ የሚገታ መድኃኒት በ2003 በአሜሪካ ለመቅኒ ነቀርሳ ሕመምተኞች ተፈቀደ።

እውነቱን እንናገር፦ የሄርሽኮ አባት መምህር ነበሩ። ከእኛ መካከል ግን ፊደል ያልቆጠርን ብዙ ነን፤ ልጆቻችንን ቤት ውስጥ ሒሳብ ማስጠናት አንችልም። መጠየቅ ግን እንችላለን። በአገራችን ከመምህር ጋር መከራከር ነውር ነበር፤ እዚህ ዝምታችን እንደ ስምምነት ይቆጠራል። ልጃችን ዝቅተኛው የሒሳብ ሐክባጻ ሲመደብ «ለምን ተመደበ? ከፍ እንዲል ምን ይጎድለዋል? ማንስ ያስጠናዋል?» እንበል። ለስብሰባውም ልጁን ሳይሆን ሌላ አስተርጓሚ ይዘን እንሂድ፤ ልጅ በራሱ ጉዳይ አስተርጓሚ አይሆንም። ምደባው የሚሆነው ገና በልጅነቱ ነው፤ የባግሩት ፈተና ሲደርስ ብንጠይቅ ግን ጊዜው ያልፋል።