ሁለተኛዋ ሬዚስተር

መቼም ሥራ የፈታ ተማሪ የማይሠራው ጉድ የለም። በ2014 ዓ.ም. የሴሚስተሩ ዕረፍት ሲደርስ ከዶርማችን ስድስት ልጆች ሁለት ብቻ ቀረን፤ እኔና የላይኛው አልጋ ባለቤት። እሱ የሕግ ተማሪ ነው። አገሩ ሩቅ፣ መንገዱም በዚያ ሰሞን የማያስተማምን ስለነበረ ቀረ። እኔ ግን የቀረሁት የአውቶቡሴን ገንዘብ አስቀድሜ በልቼው ነው። በልቼው ስል በሆዴ አይደለም፤ ምናለሽ ተራ ወርጄ ሦስት የተበላሹ የዲቪዲ መጻፊያዎች ገዝቼበት እንጂ።

የነገሩ መነሻ ክፍል ውስጥ ነው። መምህራችን ስለ ሌዘር አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ አስተማሩን፤ ሰሌዳው ላይ መስመሮችና ቀስቶች ሣሉ፤ ቀዳን፤ ሸመደድን፤ አለፍን። ታዲያ አንድ ማታ ያ የሕግ ጓደኛዬ፣ «ለመሆኑ ይሄ ሌዘር የምትሉት ምንድነው?» ቢለኝ፣ የሸመደድኩትን ሁሉ አነበነብኩለት። ሳያቋርጠኝ ሰማና፣ «ከፍተህ አይተኸው ታውቃለህ?» አለኝ። አላውቅም። ደብተሬን እንጂ ሌላ የከፈትኩት ነገር የለም። ይህች ጥያቄ እንቅልፍ ነሳችኝ።

የመጀመሪያው ሌዘር እ.ኤ.አ. በ1960 ካሊፎርኒያ ውስጥ ቴዎዶር ማይመን በሩቢ ድንጋይ የሠራው ነው። ለእኛ ኪስ የሚቀርበው ግን የእሱ ታናሽ ወንድም ነው፤ በ1962 የሮበርት ሆል ቡድን ከጋሊየም አርሰናይድ ያወጣው ባለ ዳዮዱ ሌዘር። ያም ቢሆን በፈሳሽ ናይትሮጅን እየቀዘቀዘ፣ ብልጭ ብልጭ እያለ ብቻ የሚሠራ ነበር። በተራ ክፍል ሙቀት ሳያቋርጥ እንዲበራ ለማድረግ እስከ 1970 ስምንት ዓመት ፈጅቷል፤ በሌኒንግራድ የአልፌሮቭ ቡድን፣ በአሜሪካ ደግሞ ሃያሺና ፓኒሽ ተሳክቶላቸዋል። የዓለም ሊቃውንት ስምንት ዓመት የለፉበት ነገር ዛሬ ምናለሽ ተራ ከዛገ ፍሪጅ ጎን ወድቆ ይገኛል። ይህን ሳስብ እስካሁን ይገርመኛል።

ሻጩ አዛውንት ናቸው። «ጋሼ፣ ይሠራል?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ቢሠራ እዚህ ምን ይሠራል፣ ልጄ?» አሉኝ። ሦስቱን በአራት መቶ ብር ተስማማን። ማንበብ ብቻ የሚችለውን መሣሪያ አልፈለግሁም፤ የእሱ ዳዮድ አቅሙ ጥቂት ሚሊዋት ነው። የሚጽፈው ግን ዲስኩ ላይ ያለውን ቀለም በሙቀት መለወጥ ስላለበት ከመቶ ሚሊዋት በላይ ይተፋል። እኔም የፈለግሁት ይህንኑ የሚተፋውን ነበር።

በካቻቢቴ ፈታሁት። እንደ ሐዲድ በሁለት ዘንግ ላይ የሚንሸራተት ትንሽ ብረት አለ፤ ሌንሱም ዳዮዱም እዚያ ላይ ናቸው። ዳዮዶቹ ሁለት ናቸው። አንዱ 650 ናኖሜትር፣ ለዲቪዲ የሚሆነው ቀዩ፤ ሌላው 780 ናኖሜትር፣ ለሲዲ የሚሆነውና ለዓይን የማይታየው። የማይታየውን ወዲያ አስቀመጥኩት፤ በዚያች ብቻ ብልህ ነበርኩ። በቀዩ እምብርት ያለችው ክሪስታል ከጤፍ ፍሬ አትበልጥም። የክሪስታሏ ሁለት ጫፎች ራሳቸው መስታወት ናቸው። ብርሃኑ በመካከላቸው ይመላለሳል፤ በተመላለሰ ቁጥር መሰሉን ይቀሰቅሳል፤ የተቀሰቀሰውም ከቀስቃሹ ጋር እኩል ይራመዳል። የቤተ ክርስቲያን ወረብ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

ዳሩ ግን ይህቺ የጤፍ ፍሬ ስስታም ናት። እንደ አምፖል ባትሪ ላይ ብትሰካት ትሞቃለች፤ ስትሞቅ ይበልጥ ኮረንቲ ትስባለች፤ ይበልጥ ስትስብ ይበልጥ ትሞቃለች፤ ከዚያማ ወዲያ ቀብር ነው። ስለዚህ የሚሰፍርላት ያስፈልጋል። ሰፋሪዋ ኤልኤም 317 የምትባል ባለ ሦስት እግር ሬጉሌተር ናት። ሬዚስተሩ ላይ ምንጊዜም 1.25 ቮልት ትጠብቃለች። 10 ኦም ብታስገባላት 125 ሚሊአምፔር ታሳልፋለች፤ ከዚያ በላይ ብትለምናትም አትሰጥህም። ሁለት 10 ኦም ጎን ለጎን ብታስርላት ግን 5 ኦም ይሆንና 250 ሚሊአምፔር ትለቃለች። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ።

የመጀመሪያዋን ዳዮድ የገደልኳት ናይለን ብርድ ልብስ ላይ ቁጭ ብዬ ስበይድ ነው። ልብሱ ሲፋተግ የሚፈጥረው ኤሌክትሪክ ለእኔ ቆንጠጥ እንኳ አላደረገኝም፤ ለእሷ ግን መብረቅ ነበር። ሁለተኛዋ በብልጠቴ ሞተች። ኮረንቲው እንዳይዘል ብዬ ካፓሲተር ጨምሬ ነበር፤ ባትሪውን አስቀድሜ ስሰካ ካፓሲተሩ ጢም ብሎ ሞላ፤ ዳዮዷን ሳስነካት ያጠራቀመውን ሁሉ ባንዴ ዘረገፈባት። የሁለቱም አሟሟት አንድ ዓይነት ነው፤ አይጠፉም፤ እንደ ተራ አመልካች መብራት ደብዘዝ ብለው ይቀራሉ። አራት መቶ ብሬ ወደ መቶ ሠላሳ ሦስት ወረደች። ጓደኛዬ ከላይኛው አልጋ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ «የሟች ወራሾች ካሉ ይቅረቡ» ይለኛል።

ለሦስተኛዋ ጸለይኩ ብል ውሸት አይሆንም። ከአሮጌ ኮምፒውተር በወለቀ አሉሚኒየም ላይ አጣበቅኋት፤ እግሮቿን በቀጭን ሽቦ ጠቅልዬ በየድኩ፤ ስድስት የባትሪ ድንጋይ ደረደርኩ። መጀመሪያ 47 ኦም አስገባሁ፤ 27 ሚሊአምፔር ያህል ነው። ደብዛዛ ቀይ። እሷም ሞተች ብዬ ራሴን ያዝኩ። ቆይቶ ነው መምህራችን ሰሌዳው ላይ የሣሉት ጉልበት የሚመስል መስመር ትዝ ያለኝ፤ ከተወሰነ ኮረንቲ በታች ዳዮዷ ተራ መብራት ናት፤ ያንን ደፍ ስታልፍ ነው ሌዘር የምትሆነው። 47ቱን አውጥቼ 10ሩን አስገባሁ። እናንተ ሆዬ! ግድግዳው ላይ ያረፈውን ቀይ ለማየት ዓይን ይከብደው ነበር። ጓደኛዬ ወርዶ ሰንደል ለኮሰ፤ ጭሱ ውስጥ ከጠረጴዛዬ እስከ በሩ የተወጠረ ቀይ ክር ታየ። እጁን ሰደድ አድርጎ ክሩን ሊይዘው ሞከረ። ሁለታችንም ምንም አልተናገርንም። ያቺ ማታ እዚህ ግቢ ከገባሁ ወዲህ የተማርኩባት ማታ ናት።

ዕረፍቱ አለቀና ልጆቹ ተመለሱ። ለእነሱም አሳየሁ። በማግስቱ ሁለተኛዋን ሬዚስተር ጨመርኩ፤ በ125ቱ ክብሪት አልለኮስ ብላኝ ነበርና። ማታ ዶርሙ ሞላ፤ ከጎረቤት ዶርም ሳይቀር መጡ። የክብሪቱን ራስ በእስክሪብቶ አጠቆርኩት፤ ሌንሱን አስተካከልኩ፤ ክብሪቱ እፍ ብሎ ተለኮሰ። ጭብጨባው፣ ፉጨቱ! እኔም ሞቅ አለኝና ክሩን በጭሱ ውስጥ ማዞር ጀመርኩ። ሎከር ላይ አንድ ልጅ ጢሙን የሚላጭበት መስታወት ተሰቅሏል። ስንት ጊዜ ፊቴን አይቼበታለሁ፤ ያን ጊዜ ግን መኖሩን ረሳሁት። ክሩ መስታወቱን ነካና ወደ ላይ ተመለሰ። «ኧረ!» አለ ጓደኛዬ፤ ቀኝ ዓይኑን በእጁ ያዘ። አጠፋሁት። «ደህና ነኝ፤ ደህና ነኝ፤ ቀጥል» አለ እየሳቀ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ለካ የዓይን ውስጡ ሬቲና ሕመም አያውቅም። ዓይን ጨረሩን ሰብስቦ ከነጥብ ባነሰች ቦታ ላይ ያሳርፈዋል፤ ኃይሉም ከመቶ ሺህ እጥፍ ያላነሰ ይጠብቃል። መርገብገባችን ደግሞ ሩብ ሴኮንድ ይፈጃል፤ በዚያ ፍጥነት የሚያድነን ከ1 ሚሊዋት ብዙ ከማይበልጥ ጨረር ነው፤ የእኔ ከመቶ በላይ ነበር። ጥቁር መነጽርም አያድንም፤ ለዚያው ለ650 ናኖሜትር ተብሎ የተሠራ መከላከያ መነጽር ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ያነበብኩት በኋላ ነው። መጽሐፉ ግን ቀድሞም ቤተ መጻሕፍታችን ውስጥ ነበር፤ እኔ የፈለግሁት የሽቦውን ምዕራፍ ብቻ ነበር።

ከሳምንት በኋላ ጓደኛዬ ክፍል ውስጥ አንድ አንቀጽ ጮክ ብሎ እንዲያነብ ታዘዘ። «አይገባም» የሚለውን «ይገባም» ብሎ አነበበ፤ ክፍሉ ሳቀ። ማታ ግራ ዓይኑን በመዳፉ ከድኖ መጽሐፉን ወደ ፊቱ ያስጠጋል፤ ያርቃል። «አንድ ፊደል እየበላብኝ ነው» አለኝ። የሚያይበት ቦታ መሀሉ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ግራጫ ነገር አለች፤ ዓይኑን ወደ ዞረበት አብራው ትዞራለች።

ሐኪም ቤት አብረን ሄድን። ሐኪሟ ጠብታ ጨምረው ብሌኑን ካሰፉ በኋላ ለረጅም ጊዜ አዩት። «ፀሐይ ላይ አፍጥጠህ ታውቃለህ? ሰኔ 14 ቀን 2012 የነበረውን ግርዶሽ አይተሃል?» አሉት። እኔ ቦርሳውን ይዤ በሩ ሥር ቆሜያለሁ። «አዎ፤ አይቻለሁ» አለ። «ታዲያ በአንዱ ዓይን ብቻ?» «ግራውን ጨፍኜ ነበር።» ሐኪሟ ቀና ብለው እኔን አዩኝ፤ እኔ ሲሚንቶውን አየሁ። መድኃኒት የለውም አሉ፤ በጊዜ ብዛት ሊቀንስ ይችላል፤ ላይቀንስም ይችላል።

መንገድ ላይ፣ «ለምን ዋሸህ?» አልኩት። ነገ ዳኛ የሚሆን ሰው! «ግቢው ቢሰማ ያባርርሃል» አለኝ። «የእኔ ዓይን እንደሆነ ሄዷል። አንተ ተጨምረህ ብትሄድ ምን ይጠቅመኛል?» ከዚያ ወዲያ ስለ ነገሩ አላነሳንም። ሌዘሩን ፈታሁት። ዳዮዷ እስከ ዛሬ ድረስ ክብሪት ቤት ውስጥ ናት፤ አልሞተችም።

ይህን ጽሑፍ ያለ እሱ ፈቃድ ላወጣው አልቻልኩም። ትናንት ማታ ሰጠሁት፤ ራሱን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጎ በግራ ዓይኑ አነበበው፤ አሁን ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያነበው። ጨረሰና፣ «ፊዚክሱ ደህና ነው» አለኝ፤ «ሁለተኛዋን ሬዚስተር ለምን እንደጨመርክ ግን ዋሽተሃል።» ክብሪቱ እንዲለኮስ ብዬ ጽፌያለሁ እኮ፣ አልኩት። «አይደለም፤ እኔም እዚያው ነበርኩ» አለ።

እውነቱን ነው። መጀመሪያ ባሳየሁበት ማታ አንድ የጎረቤት ልጅ፣ «ይሄንንማ መንገድ ላይ በሃምሳ ብር ይሸጡት የለ እንዴ!» ብሎ ልጆቹን አስቆብኝ ነበር።

«እሷም ትግባ» አለኝ፤ ወረቀቱን መለሰልኝ።