የቆመ ውሃና የሚዞር ውሃ

አርባ ምንጭ ስሟን ያገኘችው ከገደሉ ሥር በጥቅጥቁ ደን ውስጥ ከሚፈልቁት ብዙ ምንጮች ነው። ከምንጮቹ በታች አባያና ጫሞ ተኝተዋል፤ የአባያ ውሃ ደለል ስለ ተሸከመ ቀላ ያለ ነው፤ የጫሞ ግን ከዚያ ይጠራል። በእነዚህ ሐይቆች ቆሮሶና አምባዛ ይኖራሉ። እንግዲህ ኋላ ዩኒቨርሲቲ የሆነው የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በ1986 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በተከፈተባት በዚህች ከተማ የሚኖር ሰው፣ ትንሽ ቆሮሶ አምጥቶ በመስታወት ሣጥን ሊያኖር ቢወድ የሚያስገርም አይደለም።

ነገር ግን ያወጣው ዓሣውን ነው እንጂ ሐይቁን አይደለም። ዓሣ የሚተነፍሰው በውሃ ውስጥ የሟሟውን አየር ነው። ውሃ በሞቀ ቁጥር አየር የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል፤ አገሩም ቆላ ነው። ከተማይቱ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ1200 ሜትር በላይ ስለ ሆነች ነፋሱ እንደ ባሕር ዳርቻ ነፋስ አይከብድም። ሁለቱ ምክንያቶች አንድ ሆነው የዓሣውን ትንፋሽ ያሳጥሩበታል። ጧት አፉን ወደ ላይ አቅንቶ ሲከፍትና ሲዘጋ የታየ እንደ ሆነ ጨዋታ አይደለም፤ መታፈን ነው።

መድኃኒቱ ውሃውን ማዞር ነው፤ ይህም በቤት ይሠራል። ጣት የምታህል ቧንቧ በውሃው ውስጥ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ አፏ ከውሃው ፊት ጥቂት ከፍ ይላል። በግርጌዋ በቀጭን ጎማ ነፋስ ይገባባታል። ነፋስ የተቀላቀለበት ውሃ ከዙሪያው ውሃ ይቀላልና ወደ ላይ ወጥቶ በአፏ ይፈስሳል፤ በእርሱም ቦታ ሌላ ይገባል። አራቱ ባሕርያት እርስ በርሳቸው ይጣላሉ ሲባል የሰማ ሰው፣ ነፋስ ውሃን በጀርባው አዝሎ ሲወጣ ቢያይ ሳይደሰት አይቀርም። የወጣው ውሃ በታጠበ ጠጠር ውስጥ ቢያልፍ ይበልጥ መልካም ነው፤ በጠጠሩ ላይ የሚያድሩት፣ ዓይን የማያያቸው ነፍሳት የዓሣውን እድፍ መርዙ ወደ ቀለለ ነገር ይለውጡታልና። እነዚህ እስኪበዙ ግን ሳምንታት ያልፋሉ፤ ቸኩሎ በመጀመሪያው ቀን አሥር ዓሣ የሚጨምር ሰው አሥሩንም ይቀብራል።

በ1871 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የለንደኑን የክሪስታል ፓላስ የዓሣ ቤት ያበጀው ዊልያም አልፎርድ ሎይድ፣ ከሚታየው ውሃ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ውሃ ከመሬት በታች በጨለማ አኑሮ፣ ዘወትር ከዚያ ወጥቶ ወደዚያ እንዲመለስ አድርጎ ነበር። በጨለማ ያረፈ ውሃ አይሞቅም፤ አረንጓዴም አይለብስም። ከገደል ሥር ቀዝቅዞና ጠርቶ የሚወጣውን ምንጭ ለሚያውቅ ለአርባ ምንጭ ሰው ይህ እንግዳ ትምህርት አይሆንበትም።

ፈተናው የሚመጣው መብራት በጠፋ ሌሊት ነው። የነፋሱ ፓምፕ ከውሃው ዝቅ ብሎ የተቀመጠ እንደ ሆነ፣ ውሃው በጎማው ወደ ኋላ ተመልሶ ፓምፑን ያበላሸዋል፤ ስለዚህ ከፍ አድርጎ መስቀል ይገባል። ደግሞ ከመስታወቱ በላይ ግርጌው በቀጭኑ የተበሳ ባልዲ ይቀመጥ፤ ጠብታው ከከፍታ ሲወድቅ ነፋስ ይዞ ይገባል። ባልዲው በጎደለ ጊዜ ከመስታወቱ በጣሳ ቀድቶ መሙላት ነው። የቤቱ ልጆች ተራ ከገቡ፣ መብራቱ እስኪመለስ ዓሣው ያድራል።