ቡሬ ቂም አልያዘም

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» የሚለው ተረት እኛ ግቢ ለሦስት ቀን እንደ ፍርድ ሲነበብ ሰነበተ። ተከሳሹ ቡሬ ነው፤ ጥቁርና ነጭ ወንድ ድመት፣ ስሙን ከበሬ የወረሰ። ክሱ ደግሞ ቀላል አልነበረም። ሁለት ዓመት ሙሉ አሸዋ ሳፋው ላይ ሲሸና የኖረ ድመት ድንገት የእማማ መስገጃ ላይ ሸና። ያውም ሦስቴ።

እማማ አከራዬ ናቸው። አምስት ወቅት ይሰግዳሉ። ድመት በእስልምና ንጹህ እንስሳ ናት፤ ሽንቷ ግን ነጃሳ ነው፣ ነጃሳ በነካው መስገጃ ደግሞ አይሰገድም። ለማጠብ ውሃ ያስፈልጋል፤ አቦከር ውስጥ ውሃ በፈረቃ ነው። ሐረር ለዓመታት ስትጠጣው የነበረው የሐረማያ ሐይቅ ደርቆ ውሃ ከሩቅ በፓምፕ ተገፍቶ መምጣት ከጀመረ ወዲህ፣ ጀሪካን እየቆጠሩ መኖር ለምደናል።

ስለዚህ የጎረቤት ምክር አጭር ነበር፦ «ማዳበሪያ ውስጥ አስገቡትና ራቅ አድርጋችሁ ጣሉት።» የሸዋል ኢድ ሰሞን ስለነበር ቤቱ ከድሬዳዋና ከአዲስ አበባ በመጣ ዘመድ ሞልቷል። «እንግዳ መጣብኝ ብሎ ቂም ይዞ ነው» ተባለ።

እኔ ኮድ ጽፌ ነው የምኖረው። ትናንት ሲሠራ የነበረ ሲስተም ዛሬ እምቢ ካለ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ምን ተቀየረ?» ብለን ነው። ስልኬን አውጥቼ መዘርዘር ጀመርኩ።

አንደኛ፣ ቦታው። ለእንግዶቹ ሲባል ሳፋው ከደረጃው ሥር ተነስቶ ሮቶው አጠገብ ሄዷል፤ የውሃ ሞተሩ ሲነሳ ሰው እንኳን ይደነግጣል። ድመት ሲጸዳዳ ራሱን መከላከል አይችልም፤ ጸጥ ያለና ማምለጫ ያለው ጥግ ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ ሽታው። ሳፋው በበረኪና ታጥቧል። ለእኛ የንጽህና ሽታ ነው፤ ለድመት አፍንጫ ግን ጥቃት ነው። ሦስተኛ፣ አሸዋው። ከግንባታ የተረፈው ደቃቅ አሸዋ አልቆ በጠጠር ተተክቷል። የቤት ድመት የመጣው ከአፍሪካ የዱር ድመት ነው፤ መዳፉ ልስልስ አፈር መጫር ይወዳል። ድሮ ግቢው አፈር ስለነበር ይሄ ሁሉ ጣጣ አልነበረም። አሁን ሲሚንቶ ሆኗል፤ ማታ ደግሞ ጅብ ስለሚዞር በሩ ይዘጋል።

ሳፋችን ኋላ ቀር ነው ብሎ የሚያፍር ካለ አይፈር። ፈረንጆቹም በአመድና በአሸዋ ነበር የሚጠቀሙት። እ.ኤ.አ. በ1947 ሚሺጋን ውስጥ ኤድ ሎው የተባለ ሰው፣ አመድ ትጠቀም ለነበረች ጎረቤቱ ደረቅ የሸክላ አፈር ሰጣት፤ የዛሬው የድመት አሸዋ ንግድ የተጀመረው ከዚያ ነው።

ዝርዝሩ እንዲህ ሆኖ አንድ ነገር ቀረኝ። ቡሬ በቀን አሥር ጊዜ ይቀመጣል፣ የሚወጣው ጠብታ ነው። እየተቀመጠም ይጮሃል። ክልሉን ሊያሳውቅ የሚሸና ወንድ ድመት እኮ ቆሞ፣ ጅራቱን እያንቀጠቀጠ ግድግዳ ላይ ነው የሚረጨው። ይሄኛው ቁጢጥ ብሎ ያምጣል። ባጃጅ ይዤ እንስሳት ክሊኒክ ወሰድኩት።

ሐኪሙ ሆዱን ዳሰሰው። የሽንት ፊኛው ተቆጥቷል፣ ግን ቧንቧው አልተዘጋም። የወንድ ድመት የሽንት ቧንቧ በጣም ጠባብ ነው፤ ጭራሽ ከተደፈነ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሊገድለው ይችላል። ብዙ ጊዜ የፊኛው መቆጣት ጀርም የለበትም፤ ጭንቀት ያመጣዋል፣ የውሃ ማነስ ያብሰዋል። ድመት የደረቅ አገር ዘር ስለሆነ በተፈጥሮው ትንሽ ይጠጣል፣ ሽንቱም ወፍራም ነው። ሲሸና ሲያመው ደግሞ ሕመሙን ከሳፋው ጋር ያያይዘዋል። ሳፋው ያሳመመው ስለሚመስለው ለስላሳ ቦታ ፍለጋ ይሄዳል። ቤታችን ውስጥ ደግሞ ከመስገጃው የለሰለሰ ነገር የለም።

ለእማማ ይህን ስነግራቸው ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «እኔስ ሽንት ያቃጠለኝ ጊዜ ለማን ተናገርኩ? ልጆቼ እንኳን ሳያውቁ ነው የከረምኩት» አሉኝ። ማዳበሪያው በዚያው ቀን ወደ ከሰል ቤት ተመለሰ።

ሳፋው ደረጃው ሥር ተመለሰ፤ ሌላ ሁለተኛም ተጨመረ። ደቃቅ አሸዋ ከጎረቤት ግንባታ ለምኜ አመጣሁ። በየቀኑ ይጠረጋል፣ ሲታጠብም በሙቅ ውሃና ሽታ በሌለው ሳሙና ነው። ከማስታገሻው ሌላ ምግቡ ላይ ጨውና ሽንኩርት የሌለበት የሥጋ መረቅ እናደርጋለን፤ ሽንኩርት ድመትን ይመርዛል። ውሃ በመጣ ቁጥር እማማ ከጀሪካኑ መጀመሪያ የሚቀዱት ለቡሬ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ መስገጃውን ተወ።

የእናንተም ድመት ሳፋውን ከተወ፣ መጀመሪያ እየሸና መሆኑን እዩ። ወንድ ሆኖ እያማጠ ምንም ካልወጣው ነገ አትበሉ፣ ዛሬውኑ ውሰዱት። ከዚያ በኋላ ቦታውን፣ ሽታውን፣ አሸዋውን ፈትሹ። እኔ አሁን ማዳበሪያ ተሸክሞ ወደ ከተማው ዳር የሚሄድ ልጅ ባየሁ ቁጥር ቆሜ «ይሸናል ወይ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ይስቁብኛል። ግን ሁለቱ ከፍተው አሳይተውኛል።