በላፕቶፔ ውስጥ ያለው ተስፋ ቡድን

መጀመሪያ ልናዘዝ። ሠላሳዎቹን አጋምሻለሁ፣ ዲግሪ አለኝ፣ በቁራጭ ጽሑፍ የማገኛት ገንዘብ ኪራይ ሳትሸፍን በቀረችበት ወርም ጭምር ማታ ማታ ፉትቦል ማናጀር እጫወታለሁ። ይህን ቻናል የምትከታተሉት ስለ ምንዛሪና ስለ ፖለቲካ እንድጽፍላችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ዛሬ ግን ነገሬ ከጌም ይጀምራል። ታገሡኝ፣ መንገዱ አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ በር ላይ ያደርሰናል።

ጨዋታውን ለማታውቁት፦ እዚህ ኳስ አትመቱም። አሰልጣኝ ናችሁ። ትገዛላችሁ፣ ትሸጣላችሁ፣ ታሰልፋላችሁ፣ ስትሸነፉ ትሰደባላችሁ። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታው ይዟቸው ከሚመጣቸው ሊጎች ውስጥ ስለሌለ እኔ የያዝኩት በእንግሊዝ ስድስተኛ እርከን ላይ ያለ ምስኪን ክለብ ነው። ካዝናው ባዶ ነው። ካዝናው ባዶ የሆነ ክለብ ደግሞ ልጅ ከማሳደግ ሌላ ምርጫ የለውም። በየዓመቱ መጋቢት አካባቢ 15 እና 16 ዓመት የሆናቸው ልጆች ይመጡልኛል። ፍጥነታቸው፣ ቅብብላቸው፣ ቆራጥነታቸው ከ1 እስከ 20 በቁጥር ተጽፏል። ከኋላ ግን የማላያቸው ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ ልጁ ዛሬ ያለበት ደረጃ እና ሊደርስበት የሚችለው ጣሪያ፣ ሁለቱም ከ200። ጣሪያው ሲፈጠር የተወሰነ ነው፣ አይነቃነቅም። ልጁ እዚያ ይድረስ አይድረስ ግን የአሰልጣኙ ጉዳይ ነው።

በዚህ ላይ ስንት ሌሊት አቃጥያለሁ! መጀመሪያ ሰሞን ጥሩ ልጅ ባየሁ ቁጥር ዘልዬ ዋናው ቡድን ውስጥ እከተው ነበር። አንድ የ17 ዓመት የግራ ተከላካይ በወር ስምንት ጨዋታ አሰለፍኩት፤ ጉልበቱ ተበጠሰ፣ ከዚያ በኋላ እንደነበረ አልሆነም። ቀጣዩን ደግሞ ፈርቼ ተቀያሪ ወንበር ላይ ሁለት ዓመት አስቀመጥኩት፤ እሱም ዛገ። ቀስ በቀስ ገባኝ። እስከ 18 ድረስ ልጁን የሚያሳድገው ጥሩ ልምምድ ነው፣ ከዚያ በኋላ የሚያሳድገው መጫወት ነው። እኔ ጋ ቦታ ካጣ አቅሙ የሚመጥን ክለብ ፈልጌ በውሰት እልከዋለሁ። መልበሻ ክፍል ውስጥ ከጨዋ አንጋፋ ተጫዋች ጎን አስቀምጠዋለሁ፤ ሰነፍ ጎን ካስቀመጥኩት ስንፍናውን ይወርሳልና። አሁን ያለኝ አማካይ በ16 ዓመቱ መጥቶ ዋናው ቡድን ውስጥ በቋሚነት የገባው በ21 ዓመቱ ነው። አምስት የውድድር ዘመን ጠበቅኩት። ሚስት ብትኖረኝ እንዲህ አልታገሣትም።

ጨዋታው ራሱ ይሳሳታል፣ ይህንንም ልንገራችሁ። ከሃያ ዓመት በፊት ሻምፒዮንሺፕ ማናጀር ሲባል የተጫወታችሁ ቸርኖ ሳምባን ታስታውሳላችሁ። በስክሪን ላይ አውሮፓን ያንበረከከ አጥቂ ነበር፤ በእውነተኛው ሜዳ ግን በየክለቡ ሲዞር ነው የቀረው። ፍሬዲ አዱ በ14 ዓመቱ የአሜሪካ ሊግ ውስጥ ሲገባ ቀጣዩ ፔሌ ተብሎ ነበር። ስለዚህ ቁጥር ጻፉለት ማለት ደረሰ ማለት አይደለም።

እናላችሁ፣ ኪራይ ስለሚረክስና የማወራቸው ሰዎች እዚያ ስላሉ ከፓርኩ ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። ፓርኩ የተመረቀው በ2011 መስከረም ነው። ያኔ ስለ ሥራ ዕድል የተባለውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚያው ዓመት ስለ ሐዋሳው ፓርክ ባወጡት ሪፖርት የልብስ ሰፊዎች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን ጽፈው ነበር፤ ከዓለም ዝቅተኛው ነው ብለው። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ ከጦርነቱ ጋር አሜሪካ ከአጎዋ አስወጣችን። ስለዚህ ብዙ ስለጻፍኩ አልደግመውም።

ግቢያችን ውስጥ አራት ሆነው አንዲት ክፍል ከተከራዩት ወንዶች አንዱ ልጅ ኳስ ይጫወታል። ስሙን አልጠቅስም። ቀን ስፌት መስመር ላይ ነው፣ ማታ ከሰርቪስ ሲወርድ ታኬታውን አንጠልጥሎ በቀጥታ አቧራማው ሜዳ። አማካይ ነው። ኳስ ከመቀበሉ በፊት ትከሻውን ዞር አድርጎ ያያል፤ ይህን ማንም አላስተማረውም። በስክሪን የለመደ ዓይኔ ወዲያው ቁጥር መስጠት ጀመረ፦ ቅብብል 14፣ እይታ 15፣ ጉልበት 8። ጉልበቱ ያነሰው ምሳው ስላነሰ ነው፣ ለዚህ ግን ጨዋታው ውስጥ ሣጥን የለም።

ዳዋ ሆቴሳን የሚወደው እሱ ነው። ጥር 5 ቀን 2014 ዋልያዎቹ ያውንዴ ላይ ከአስተናጋጇ ካሜሩን ጋር ሲጫወቱ የአዳማ ከተማው ዳዋ በ4ኛው ደቂቃ ቀድሞ አገባ። በመጨረሻ 4 ለ 1 ተሸነፍን፣ ግን ልጁ እስከ ዛሬ የሚያወራው ስለ አራተኛዋ ደቂቃ ብቻ ነው። የሚገርመው አጎዋ የተዘጋብን ከጎሉ 12 ቀን ቀድሞ ነው። አቡበከር ናስርንም ያነሳል። በ2013 በአንድ የውድድር ዘመን 29 ጎል አግብቶ የጌታነህ ከበደን 25 የሰበረ፣ ከዚያ ወደ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ የተሻገረ። «ጋዜጠኛው፣ እኔንም አንድ ሰው ቢያየኝ እኮ» ይለኛል።

አንጀቴን በላው። የማውቀው አንድ አሰልጣኝ ነበር፤ ደወልኩለት። የአንድ ክለብ ተስፋ ቡድን ለሦስት ቀን ሙከራ ይጠራል ተባለ። ቀኖቹ የሥራ ቀኖች ናቸው። ልጁ ፈራ። እኔ ነኝ «ሂድ፣ ሦስት ቀን ምን አላት» ያልኩት።

በመጀመሪያው ቀን አብሬው ሄድኩ። አሰልጣኙ አሥር ደቂቃ አይቶት ወደደው። ጠራውና «ስንት ዓመትህ ነው?» አለው።

«ሃያ።»

«አይ፣ ሃያማ አይሆንም። አሥራ ሰባት ነህ። ወረቀቱን አስተካክለህ ና።»

ልጁ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ደግሞ ስለ ሌላው ሰው እውነት የምጽፈው ሰውዬ መሬት መሬት አየሁ። ኋላ ባጃጅ ውስጥ ሆነን «ሁሉም የሚያደርገው ነው» አልኩት። ይህን ቃል በአፌ ብያለሁ።

ሁላችንም የምናውቀውን ነው የምነግራችሁ። ፊፋ ከ2009ኙ የናይጄሪያ ከ17 ዓመት በታች ዓለም ዋንጫ ጀምሮ የእጅ አንጓን በኤምአርአይ ያስነሳል፤ አጥንቱ ፈጽሞ ከገጠመ ልጁ ከ17 አልፏል ማለት ነው። ወረቀት ቀበሌ ውስጥ ይስተካከላል፣ አጥንት ግን አይስተካከልም። ውሸቱ የሚጎዳው ደግሞ ብሔራዊ ቡድኑን ብቻ አይደለም። ሃያ ዓመት የሞላውን «አሥራ ሰባት» ብላችሁ ስታሰልፉ፣ እውነተኛው የ17 ዓመት ልጅ በጉልበት ተገፍቶ ሜዳ ዳር ይቀራል፤ «አቅም የለውም» ተብሎ ይሸኛል። የተጭበረበረውም ቢሆን ገና ያድጋል ተብሎ ይጠበቃል፣ እሱ ግን ማደጊያውን ጨርሷል። በእኔ ላፕቶፕ ላይ አንድም ልጅ ስለ ዕድሜው ዋሽቶኝ አያውቅም። ትዕግሥቴ ሁሉ የቆመው በዚያ ላይ መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

ልጁ ወረቀቱን አላስተካከለም። እኔ መክሬው እንዳይመስላችሁ። «እናቴ የወለደችኝን ቀን እንዴት እቀይራለሁ» ብሎ ነው። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቀን ሄዶ ተጫወተ፣ በደንብም ተጫወተ አሉ። ከዚያ ዝም። ስልክ አይነሳም። ፋብሪካው ግን ዝም አላለም፤ ያለ ፈቃድ ሦስት ቀን በመቅረቱ አሰናበተው። ያን ወር የእሱን ድርሻ ኪራይ እኔ ከፈልኩ። አመሰገነኝ፣ ይኼ ነው የከነከነኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ሌላ ፋብሪካ ገብቷል፣ እንደ አዲስ ከመነሻ ደመወዝ። ማታ ማታ ሜዳው ላይ አለ።

ባለፈው እሑድ መብራት መጥቶ ላፕቶፕ ከፍቼ ሳለ በር ላይ ቆመና «እኔን እዚህ ውስጥ ማስገባት ይቻላል?» አለኝ። ይቻላል። ኤዲተር የሚባል ለብቻው የሆነ ፕሮግራም አለ። አጠገቤ ተቀመጠ። ስም ጻፍን። ቦታ፦ አማካይ። ክለብ፦ የእኔው ምስኪን ክለብ። የልደት ቀን ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ፣ እሱ ግን ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመቱን ሳያቅማማ ነገረኝ። ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ለውጬ ጻፍኩት።

ጣሪያው ጋ ደረስን። ከ200 ስንት?

«አንተ ስንት ትለኛለህ?» አለኝ።

እዚያ ሣጥን ውስጥ ዜሮ ከተተወ ጨዋታው ራሱ በዕጣ ይመርጣል። ይህን ነገርኩትና ዜሮ ተውኩት። ትንሽ አሰበና «ጉልበቱን ግን ከ8 ወደ 10 አድርጋት፣ አሁን ምሳ እበላለሁ» አለኝ። አደረግኳት።