ለሳሎን ቴሌቪዥን ድምፅ ፍለጋ ወደ መርካቶ

አንባቢ ሆይ፤ መርካቶን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው አይገኝም። ነገር ግን መርካቶን አውቃለሁ የሚለው ሁሉ የሚያውቀው የራሱን ተራ ነው። ለባልትና ባለሙያዋ መርካቶ ማለት በርበሬ በረንዳና ቅመም ተራ ነው፤ ለሙሽራዋ ሸማ ተራ ነው፤ ከወዳደቀ ብረት ምድጃና ባልዲ ለሚሠራው ባለ እጅ ደግሞ ምናለሽ ተራ ነው። ዛሬ ግን ፈቃድዎ ቢሆን ቴሌቪዥንና ድምፅ ማጉያ ወደሚሸጥባቸው ሱቆች አብረን እንሂድ። የምንፈልገው ዕቃ በገበያው አጠራር «ሳውንድ ባር» ይባላል፤ ከቴሌቪዥን ሥር ተጋድሞ የሚቀመጥ ረዘም ያለ ድምፅ ማጉያ ነው።

የጉዞውን ምክንያት አስቀድሜ ልንገርዎ። በቤታችን 78 ዓመት የሆናቸው አባት አሉን። የምሽቱን የ2 ሰዓት ዜና ሳይሰሙ መተኛት አያውቁም ነበር። አሮጌው ባለ ትልቅ ጀርባ ቴሌቪዥን ተነሥቶ በምትኩ እንደ ሥዕል ሰሌዳ የሳሳው ከገባ ወዲህ ግን «ምን አለ?» ማለት አበዙ። ልጆቹ መጀመሪያ ደጋግመው ይነግሯቸው ነበር፤ በኋላ «ምንም አይደል አባባ» እያሉ ማለፍ ጀመሩ። አንድ ምሽት በድራማው ውስጥ አንዲት ሴት ስለ ባሏ ስታወራ «መጣ» ያለችውን «መታ» ብለው ሰሙና «ማንን መታ?» ብለው ቢጠይቁ ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ከዚያ ወዲያ እራታቸውን እንደ በሉ ወደ መኝታ ክፍላቸው ይገቡ ጀመር፤ በሳሎኑም ውስጥ ወንበራቸው ባዶ ሆነ።

ሐኪም ዘንድ ወስደን አስመርምረናቸዋል። በዕድሜ ምክንያት ከሁሉ አስቀድሞ የሚደክመው ቀጫጭኑን ድምፅ የመስማት ኃይል መሆኑን ሐኪሙ አስረዳን። ይሁንና ጥፋቱ ሁሉ የሽማግሌው ጆሮ አልነበረም፤ ግማሹ የቴሌቪዥኑ ነበር።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን በጀመረበት በ1957 ዓ.ም. የነበሩት መቀበያዎች እንደ ቁም ሣጥን የደለቡ ነበሩ፤ በሆዳቸው ውስጥ ለድምፅ ማጉያው በቂ ቦታ ነበራቸው፤ የብዙዎቹም ድምፅ ፊት ለፊት ወደ ተመልካቹ ይወጣ ነበር። የዛሬዎቹ ስሶች ቴሌቪዥኖች ግን አብዛኞቹ ትንንሽ ማጉያቸውን የደበቁት ከሥር ወይም ከጀርባ ነው። ስለ ሆነም ድምፁ ከጠረጴዛ ወይም ከግድግዳ ጋር ተጋጭቶ ነው ወደ እኛ የሚደርሰው። በዚህ መካከል የሚጠፋው ከሁሉ አስቀድሞ ተነባቢው ፊደል ነው። አንዱን ቃል ከሌላው ለመለየት በብዙ የሚረዳን በሰከንድ ከ1000 እስከ 4000 ጊዜ ያህል የሚርገበገበው የድምፅ ክፍል ነውና። አማርኛችን ደግሞ በዚህ ረገድ ምሕረት የለውም። «መጣ» እና «መታ»፣ «ቀሰሰ» እና «ከሰሰ» የሚለያዩት ከዓይን ጥቅሻ ባነሰች ቅጽበት በምትወጣ አንዲት የድምፅ ፍንጣሪ ነው። እሷን ያጣ ሰው፣ የቀሰሰውን ዲያቆን ሰው የከሰሰ ያደርገዋል።

እንግዲህ ወደ ገበያ ከመውጣትዎ በፊት ሲባጎ ይፈልጉ። በቴሌቪዥኑ ሁለት እግሮች መካከል ያለውን ስፋት ይለኩና ቋጠሮ ያድርጉበት፤ ከጠረጴዛው እስከ መስተዋቱ የታችኛው ጠርዝ ያለውንም ከፍታ እንዲሁ። የእኔ ሲባጎ ስፋቱን 70፣ ከፍታውን 8 ሴንቲ ሜትር አሳየኝ። ይህን ሳይለኩ የሚገዙ ሰዎች አንድ ሜትር የሚረዝም ዕቃ ተሸክመው ይመለሱና ወይ የሥዕሉን ግርጌ፣ ወይ የሪሞቱን ብርሃን የምትቀበለውን ትንሽ ዓይን ይሸፍኑባታል።

ከታላቁ አንዋር መስጊድና ከቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ከታክሲ ወረድን። ሁለቱ ቤተ ጸሎቶች እንዲህ ተጎራብተው ከበሬታቸውን ሳይነፋፈጉ የሚኖሩበት ሰፈር ለመርካቶ መግቢያነት የተገባ ነው። ገበያው ወደዚህ ስፍራ የመጣው በጣሊያን ወረራ ዘመን ከአራዳ ተነሥቶ ነው፤ ስሙም የጣልያንኛ ሆኖ ቀርቷል። «መንገድ! መንገድ!» የሚሉ ተሸካሚዎች ከቁመታቸው የሚበልጥ ካርቶን በጀርባቸው ጭነው ያልፋሉ። ካርቶኖቹን ልብ ብለው ቢመለከቱ ግማሾቹ የቴሌቪዥን ናቸው።

በአንዱ ሕንፃ ውስጥ ደረጃ ወጥተን ወደ አንድ ጠባብ ሱቅ ደረስን። «ጋሼ፣ ይግቡ! ማየት በነፃ ነው» አለ ወጣቱ ሻጭ። የምፈልገውን ብነግረው ከሁሉ የሚረዝመውን አውርዶ አንድ የጭፈራ ዘፈን ለቀቀበት። የመደርደሪያው መስተዋት ተንቀጠቀጠ። «ይኼ ቤት ያፈርሳል!» አለኝ በኩራት።

«ልጄ፣ እኔ የምፈልገው ቤት የሚሰበስብ ነው» አልኩት።

ከዚያም ስልኬን አወጣሁ። በቤት ሳለሁ ልጄ እነዚያን የሚመሳሰሉ ቃላት በተራ በተራ ስታነብ ቀድቼ ነበር። ድምፁን ዝቅ አስደርጌ፣ ሦስት ሜትር ያህል ርቄ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ ሰማሁ። በመጀመሪያው ማጉያ ላይ ወፍራሙ ድምፅ ቃሉን ዋጠው። ሁለተኛው ርካሽና አጭር ነበር፤ እንደ ቆርቆሮ ይጮኻል፤ «መጣ» እና «መታ» አንድ ሆኑበት። ሦስተኛው ከእኔ ሲባጎ ቋጠሮ የሚያንስ፣ በመካከሉ ለንግግር ብቻ የተመደበ ማጉያ ያለው፣ ንግግርን አጉልቶ የሚያወጣ ማዘዣም ያለው ነበር። በእሱ ላይ አራቱም ቃላት በየራሳቸው ቆመው ተሰሙኝ። አንባቢ ሆይ፤ በዘፈን አይፈትኑ፤ በንግግር ይፈትኑ። ዘፈን ጉድለትን ይሸፍናል፤ ንግግር ግን ያጋልጣል።

ሁለተኛው ጥያቄ የማገናኛው ነው። ከእ.ኤ.አ. 2009 ወዲህ በወጣው የኤችዲኤምአይ ደንብ ላይ «ኤአርሲ» የሚባል መስመር ተጨምሯል፤ ድምፁን ከቴሌቪዥኑ ወደ ማጉያው ይመልሳል። ሪሲቨርዎ እንደ ነበረ ከቴሌቪዥኑ ጋር ይቆያል፤ ቴሌቪዥኑና ማጉያው በአንድ ገመድ ይያያዛሉ። ሽማግሌ ላለበት ቤት ትልቁ ጥቅም የቴሌቪዥኑ ሪሞት የማጉያውንም ድምፅ ከፍና ዝቅ ማድረጉ ነው፤ ለአረጋዊ ሁለት ሪሞት መስጠት አንዱንም እንዳይነኩ ማድረግ ነውና። ለዚህም በቴሌቪዥኑ ማስተካከያ ውስጥ የጋራ መቆጣጠሪያውን ማብራት ያስፈልጋል፤ ሳምሰንግ «ኤኒኔት ፕላስ»፣ ኤልጂ «ሲምፕሊንክ»፣ ሶኒ «ብራቪያ ሲንክ» ይሉታል። ገመዱን ኤአርሲ የሚል ምልክት ካለበት ቀዳዳ በቀር በሌላው ቢሰኩት ድምፅ አይመጣም፤ ብዙ ሰው «ተበላሸ» ብሎ ወደ ሱቅ የሚመልሰው በዚህ ስሕተት ነው።

ሦስተኛው «ስማርት» የሚለው ቃል ነው። ሻጩ ይህን ቃል ሲጠራ ዋጋውም አብሮ ይወጣል። ስማርት የሚባለው ማጉያ ከቤቱ ዋይፋይ ጋር ተገናኝቶ ሙዚቃና ራዲዮ ከኢንተርኔት ያጫውታል፤ አንዳንዱም በቃል ይታዘዛል። ነገር ግን አሌክሳ የተባለችው ታዛዥ ከምታውቃቸው ቋንቋዎች መካከል አማርኛ የለም፤ አባታችን ቢያዝዟት ዝም ትላቸዋለች። በቤትዎ የማይቋረጥ ኢንተርኔት ካለ ስማርትነቱ ይጠቅማል፤ ከሌለ ግን ለንግግር ጥራት የሚሆነውን ገንዘብ በዚህ ላይ አያባክኑ።

ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ዘመድ «ላምጣልህ» ቢልዎ ደግሞ ይህን ያስታውሱ። ከአጫጭሮቹ ስመ ጥር የሆነው የሶኖስ ቢም ሁለተኛው ዓይነት ርዝመቱ 65 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ከፍታው 7 ያህል ነው፤ በኤችዲኤምአይ ይያያዛል። ታናሹ ሬይ 56 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የሚያያዘው ግን በብርሃን ገመድ ብቻ ነው። ሁለቱም ንግግርን የሚያጎላ ማዘዣ አላቸው፤ ሁለቱም ግን ብሉቱዝ የላቸውም፤ መጀመሪያ ሲከፈቱም ስልክና ኢንተርኔት ይጠይቃሉ። ማንኛውንም ዕቃ ከጀርባው ያንብቡ፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ በእኛ 220 ይሠራል፤ 120 ብቻ የሚለው ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ግን በመጀመሪያው ምሽት ሊቃጠል ይችላል።

ዋጋ ተከራከርን። ወጣቱ ማለ፤ እኔም እስከ ደረጃው ሄጄ ተመለስኩ፤ ከጠራው ላይ ጥቂት ወረደልኝ። ካርቶኑ ሲከፈት ገመዱ፣ ሪሞቱና የዋስትና ወረቀቱ መኖራቸውን፣ በዕቃውና በካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር አንድ መሆኑን አየሁ። በሱቁ ውስጥ አብርቶ እስኪያሳየኝ ድረስም ገንዘብ አልቆጠርኩም። እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ።

ወደ ቤት እንደ ገባሁ ለማንም ሳልናገር ገጠምኩት፤ የንግግሩንም ማዘዣ አበራሁ። በ2 ሰዓት ዜናው ሲጀምር አባታችን በመኝታ ክፍላቸው ነበሩ። በመጀመሪያው ምሽት አልወጡም። በሁለተኛው ምሽት በራቸውን ገርበብ አድርገው ተዉት። በሦስተኛው ምሽት ጋቢያቸውን ደርበው መጡና በወንበራቸው ተቀመጡ። ልጆቹ እንደ ልማዳቸው ድምፁን ከፍ ሊያደርጉላቸው ሪሞቱን አነሡ።

«ኧረ ቀንሱት» አሉ አባታችን፤ «እኔ እኮ ደንቆሮ አይደለሁም!»