የማርሚታ ጩኸትና የሞተር ጉልበት

በመገናኛ አካባቢ ቤት ተከራይተን የምንኖር ተማሪዎች ቁጥራችን ጥቂት አይደለም። ከኮተቤ፣ ከሲኤምሲ፣ ከገርጂና ከሾላ የሚመጣው መንገድ ሁሉ እዚያ ስለሚገናኝ፣ ወደ ትምህርት ለመሄድም ሆነ ለመመለስ ያመቸናል። ምቾቱ ግን ያለ ዋጋ አልተገኘም። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ የሚኒባሶቹ ጥሪ ጋብ ሲል፣ ማርሚታቸውን ያስቆረጡ ትንንሽ አውቶሞቢሎች በቀለበቱ መንገድ ላይ መፎካከር ይጀምራሉ። በፈተና ሰሞን መጽሐፍ ገልጦ ለተቀመጠ ተማሪ፣ ሕፃን አስተኝታ እፎይ ልትል ለፈለገች ጎረቤትም፣ ይህ ጩኸት ምን ማለት እንደሆነ የቀመሰው ያውቀዋል።

ይሁን እንጂ ይህ ጽሑፍ የእሮሮ ጽሑፍ ብቻ እንዲሆን አንፈልግም። አብሮን የሚኖር አንድ ወንድማችን ከትምህርት ሰዓት ውጭ የአጎቱን ቪትዝ እየነዳ ወጪውን የሚሸፍን ልጅ ነው። ይህ ወንድማችን ለሚቀጥለው መንፈቅ ያጠራቀመውን ገንዘብ ለአዲስ ማርሚታ ሊያውለው ተነሣ። «ጉልበት ይጨምርልኛል፣ የየካን ዳገት ያቀልልኛል» ይላል። ከመካከላችን ገሚሱ ደገፈው፤ ገሚሱ ተቃወመው። ክርክሩ እየከረረ ስለ ሄደም ነገሩን ከሥሩ ለመመርመር ተገደድን። ያገኘነውን ለአንባብያን እናካፍላለን።

መጀመሪያ ስለ ስሙ እንናገር። ማርሚታ የጣልያንኛ ቃል ነው፤ በአገሩ ክዳን ያለው ትልቅ ድስት ማለት ነው። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ጎሚስታ የሚሉትም ቃላት ወገኖቹ ናቸው። በወረራው ዘመን፣ ከዚያም በኋላ እዚሁ ቀርተው ጋራዥ ከከፈቱት ጣልያኖች ጋር ገብተው፣ ዛሬ አማርኛ ሆነው ቀርተዋል። ቃላቱን ይዞ የመጣው አውቶሞቢልም በአመዛኙ ፊያት ነበር።

ፊያት እ.ኤ.አ. በ1899 በቶሪኖ ከተማ የተመሠረተ ፋብሪካ ነው። የጭነት መኪናዎቹ በአገራችን መንገድ ላይ ብዙ ዘመን አገልግለዋል። ለአዲስ አበባ ሰው ግን ፊያት ማለት ከሁሉ በፊት ሴይቼንቶ ነበረች። ይህች አውቶሞቢል ዳንቴ ጃኮዛ በተባለ መሐንዲስ ተነድፋ፣ እ.ኤ.አ. በ1955 በጄኔቭ የአውቶሞቢል ትርኢት ላይ ለዓለም ቀረበች። ርዝመቷ 3.2 ሜትር ያህል፣ ሞተሯም ከኋላ የተቀመጠ 633 ሲሲ ሲሆን፣ ኃይሉ ወደ 22 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር። በዚህች አነስተኛ ጉልበት ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ የመዲናችንን ዳገትና ቁልቁለት በታክሲነት ስትመላለስ ኖራለች። ከእርሷ በኋላ በብዛት የገባችው ላዳም ብትሆን ከዚያው ቤተሰብ ናት። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1966 ከፊያት ጋር ተዋውላ፣ ፊያት 124ን መሠረት አድርጋ የሠራቻት ናትና። እንግዲህ አባቶቻችንና እናቶቻችን በሁለት ትውልድ ታክሲ የተሳፈሩት በአንድ ፋብሪካ ዘር ላይ ነው ማለት ይቻላል።

ሴይቼንቶ በአዲስ አበባ ሰው ስታመላልስ፣ በአገሯ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነበራት። እ.ኤ.አ. በ1908 በቪየና የተወለደ ካርሎ አባርት የሚባል ሰው፣ በ1949 በኢጣልያ የራሱን ድርጅት አቋቋመ። የድርጅቱ ምልክት ጊንጥ ነበር። ፍላጎቱ የእሽቅድምድም አውቶሞቢል መሥራት ነበር፤ እሽቅድምድም ግን ገንዘብ ይበላል። ስለዚህ ተራው ሰው ለፊያቱ ገዝቶ የሚገጥመው ማርሚታ እየሠራ ይሸጥ ጀመር። ንግዱም ደርቶለት በ1960ዎቹ መጀመሪያ በየዓመቱ ከ200 ሺህ በላይ ማርሚታ እስከ ማምረት ደረሰ።

የአባርት ማርሚታ ከሌላው የሚለይበት ምክንያት ቀላል ነው። ተራ ማርሚታ ጢሱን በልዩ ልዩ ክፍሎች ውስጥ እያጠማዘዘ ድምፁን ያፍናል። ጢሱ በተጠማዘዘ ቁጥር ፒስተኑ እርሱን ገፍቶ ለማስወጣት ከጉልበቱ ጥቂት ይከፍላል። አባርት ግን ጢሱ ቀዳዳ በበዛበት ቀጥ ያለ ቱቦ ውስጥ እንዲያልፍ አደረገ፤ በቱቦው ዙሪያም ድምፅ የሚውጥ የመስተዋት ጥጥ ጠቀጠቀበት። በዚህ ዘዴ ሞተሩ ሲተነፍስ ቀለለው፤ ድምፁም ወፍራምና የሚማርክ ሆነ። የኢጣልያ ወጣት በዚህ ድምፅ ቢማረክ አይፈረድበትም።

ነገር ግን ልብ እንበል። አባርት እ.ኤ.አ. በ1956 ሴይቼንቶን ወደ «አባርት 750» ሲለውጣትና ጉልበቷን ከ40 የፈረስ ጉልበት በላይ ሲያደርሰው፣ ማርሚታ ቀይሮ ብቻ አይደለም። የሲሊንደሩን ይዘት ወደ 747 ሲሲ አሳደገ፤ ኮሎ የሚባለውን የሞተሩን ዘንግ ለወጠ፤ ካምሻፍቱንና ካርቡራቶሩንም ቀየረ። የሚገባው አየርና ነዳጅ ስለ በዛ የሚወጣው ጢስ በዛ፤ ለሚወጣውም ጢስ ሰፊ መውጫ አስፈለገ። ማርሚታው በሒሳቡ መጨረሻ የመጣ ነገር ነበር። እኛ ዘንድ የደረሰው ግን ሒሳቡ ቀርቶ ድምፁ ብቻ ነው።

የእኛ ከተማ ደግሞ የራሷ ሒሳብ አላት። መገናኛ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ እንጦጦ ጫፍ ላይ ሲደረስ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። አየር የሚገፋለት ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ የሚቀንሰውም በዚሁ መጠን ገደማ ነው። ስለዚህ ቪትዛችን ዳገት ላይ የምትደክመው ጢሱ መውጫ አጥቶ ሳይሆን፣ የሚገባት አየር ስለሚያንሳት ነው። ከመግቢያው ያነሰውን አየር ከመውጫው በኩል የተቆረጠ ቱቦ ሊመልሰው አይችልም።

ይህን ካወቅን በኋላም ወንድማችን አላመነንም። በሠፈራችን ጋራዥ ብዙ ዓመት የሠሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ሄድን።

«ጋሼ፣ ማርሚታ ልቀይር ብዬ ነበር» አላቸው።

መልስ ሳይሰጡ ኮፈኑን ከፈቱና የአየር ፊልትሮውን አወጡ። መሬት ላይ መታ መታ ሲያደርጉት የሲሚንቶ ከረጢት የተራገፈ መሰለ። ቀጥለው ካንዴላዎቹን ፈቱ፤ ጠቁረዋል።

«ልጄ፣ አፍንጫዋ ተደፍኖ ሳለ ከኋላዋ ብትቀዳት ምን ይጠቅምሃል?» አሉት።

ሁላችንም ሣቅን፤ እርሱም ሣቀ። በዚያኑ ቀን ፊልትሮና ካንዴላ ተለወጠ። ከገንዘቡም አብዛኛው ተረፈ። ወንድማችን ዳገቱ እንደ ቀለለው ይመሰክራል። የተቆረጠ ማርሚታ ሲያልፍ ግን እስከ ዛሬ ዞር ብሎ ያያል፤ ድምፁ ደስ እንደሚለው አይሸሽግም።

ሽማግሌው ሌላም ነገር ነገሩን። ብዙ ሰው ማርሚታ ሲያስቆርጥ ካታሊቲክ የሚባለውንም ክፍል አብሮ ያስነሣል። በውስጡ ፕላቲነምን የመሳሰሉ ውድ ማዕድናት ስላሉበት ገዢ አያጣም። ይህ ክፍል ግን መርዛም የሆነውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ሌላ አየር የሚለውጥ ነው። ሲነሣ ትርፉ ለሻጩ ይሆናል፤ መርዙን ግን የሚተነፍሰው ሌላው ነው። በመገናኛ ታክሲ ለመያዝ ተሰልፎ የሚጠብቀው ሠራተኛ፣ በቆሎ የምትጠብሰው እናትና ተማሪው ይተነፍሱታል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ጩኸትንም ከብክለት ይቆጥረዋል። አዋጁ ግን በወረቀት ላይ እንዳለ ሌሊቱ እንደ ቀድሞው ይጮኻል።

ይህን ስንል ወጣት አይደሰት፣ አውቶሞቢልም አይውደድ ማለታችን አይደለም። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር እንደ ተባለው፣ የሌላውን ዕውቀት ትተን ድምፁን ብቻ መውሰዳችን ነው የሚያሳስበን። በማርሚታ ብቻም አይደለም። በትምህርታችንም፣ በስብሰባችንም፣ በንግግራችንም ይኸው ልማድ ይታያል። የሚጮኸውን ኃይለኛ፣ ዝም ብሎ የሚሠራውን ደካማ አድርገን እንገምታለን።

አሁን ዘመኑ ራሱ እየተለወጠ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ በመገናኛም ማርሚታ የሌላቸው የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች ድምፅ ሳያሰሙ ሲያልፉ እናያለን። አንዳንዱ ሰው እንግዲህ ጩኸቱ በራሱ ጊዜ ያልቃል ይላል። እኛ ግን እንጠራጠራለን። አባርት የሚለውን ስም ዛሬ የያዘው ድርጅት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2022 ያስተዋወቀው የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል፣ የቀድሞውን የማርሚታ ድምፅ አስመስሎ የሚያሰማ ድምፅ ማጉያ አለው። ሞተሩ ቢቀየርም የጩኸት ፍቅር መውጫ አያጣም።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በመካከላችን የምሕንድስና ተማሪዎች አሉ፤ የሕክምናና የሕግ ተማሪዎችም አሉ። ማኅበራችን በሚቀጥለው መንፈቅ አንድ ትንሽ ቡድን አቋቁሞ፣ የመገናኛን የሌሊት ጩኸት በመሣሪያ ይለካ። ያው አንድ አውቶሞቢል በደኅና ማርሚታና በተቆረጠ ማርሚታ ዳገት በስንት ሴኮንድ እንደሚወጣ፣ ፖሊስ በሚፈቅድበት ቦታ ሰዓት ይዞ ይፈትን። ውጤቱ ምንም ይሁን ምን በዚሁ መጽሔት ይውጣ። የተሳሳትነው እኛ ብንሆን ወንድማችን ማርሚታውን ይግጠም። ያልተሳሳትን እንደ ሆነ ግን፣ ወረቀቱን ይዘን ወደ ጋራዦቹና ወደ ነጂዎቹ እንሂድ፤ ሠፈሩም ይተኛ።