ሁለት መኪኖች በሐዋሳ ጎዳና
አንባቢ ሆይ፤ ሐዋሳ ሲደርሱ ከሐይቁ ወደ ገበያ የሚወስደውን መንገድ ይመልከቱ። ቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፕ አንድ ቶን ያህል ጭኖ ያልፋል፤ አልፎ አልፎም አንዲት አሮጌ ቮልስዋገን ትከተለዋለች። ይህች ትንሽ መኪና የእሽቅድምድም መኪና ባትሆንም፣ ስመ ጥሩው ፖርሽ 356 እ.ኤ.አ. በ1948 ሲሠራ ብዙ ዕቃውን የተዋሰው ከእርሷ ነው። ሞተሯ ከኋላ ሆኖ በአየር ይቀዘቅዛል፤ ራዲያተር የላትም። ስለዚህ መካኒኩ በመፍቻ ፈትቶ ይገጥማታል፤ አዲሱ ፒክአፕ ግን ሲበላሽ ኮምፒዩተር ይጠይቃል።

እንግዲህ የትኛው ይበልጣል? ነጋዴ ፒክአፑን ቢመርጥ እውነት አለው፤ ትርፉ በጭነቱ ነውና። ለተማሪዎቼ ግን ቮልስዋገኗን እመርጣለሁ፤ እጅ ያልፈታውን ልብ አያውቀውምና። አሮጌ ሞተር ያለዎት እንደ ሆነ ለቆራሌው ከመሸጥዎ በፊት ለአንድ የሙያ ትምህርት ቤት ቢሰጡት መልካም ነው።